ለገደንቢና ሳካሮ፦ የአዶላ ወርቅ ከዓለት እንዴት ይወጣል?

በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ለገደንቢ ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ ዋነኛ ዘመናዊ የወርቅ ማዕድን ሆኖ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወርቁ የሚወጣው ከላይ ወደ ታች ከተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ነው። በአጠገቡ ባለው ሳካሮ ግን ሥራው የሚካሄደው ከመሬት በታች፣ ዋሻ እየተበሳ ነው። ሁለቱም ያሉት በወርቁ በታወቀው የአዶላ ምድር ላይ ነው።

ወርቅ በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ የድንጋዩ ዕድሜና ታሪክ ይወስነዋል። በአዲስ አበባ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከየካ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው እሳተ ገሞራ የተፋውን ድንጋይ ነው፤ የእንጦጦ ድንጋይ ዕድሜም ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የአዶላ ዓለት ግን ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ይህ ጥንታዊ ዓለት በማዕከላዊው ደጋ ከላቫና ከሌሎች የድንጋይ ንጣፎች ሥር ተቀብሯል። በጉጂ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉልና በትግራይ ግን ሽፋኑ በዘመናት ብዛት ተሸርሽሮ አልቆ ዓለቱ ከላይ ይታያል። የአገሪቱ ዋና ዋና የወርቅ ቦታዎችም እነዚሁ ናቸው።

ወርቁ ወደ ዓለቱ የገባው የጥንት አህጉራት ተጋጭተው በተጣበቁበት ዘመን ነው። ግፊቱና ሙቀቱ የባሕር ወለል ጭቃና አሸዋን ለውጦ ሺስት የሚባል፣ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ አደረገው። ምድሩ በተላተመበት መስመር ረጃጅም ስንጥቆች ተከፈቱ። ከጥልቁ የተነሣ የጋለ ውኃ የኳርትዝ መሠረት የሆነውን ሲሊካና ጥቂት ወርቅ አሟሙቶ በስንጥቆቹ በኩል ወደ ላይ ወጣ። ሙቀቱና ግፊቱ ሲቀንስ የተሸከመውን ጣለ፤ ስንጥቆቹም በነጭ ኳርትዝ ተሞሉ። በለገደንቢ ወርቁ በአብዛኛው የሚገኘው በኳርትዙ ውስጥ ከተበተኑት ሰልፋይዶች (የብረታ ብረትና የድኝ ውሁዶች)፣ በተለይም እርሳስ አዘል ከሆነውና ግራጫ አንጸባራቂ መልክ ካለው ጋሌና ጋር ነው።

ሰው አስቀድሞ የደረሰበት ግን የዓለቱን ሳይሆን የደለሉን ወርቅ ነው። ዝናብና ወንዝ ዓለቱን ሲሸረሽሩ ኳርትዙ ይደቅቃል፤ ወርቁም ነጻ ይወጣል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ፣ ከኳርትዝም 7 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ከጠጠሩ ሥር ሰርጎ በጽኑው ዓለት ላይ ያርፋል። የአዶላ ደለል ወርቅ በዘመናዊ መንገድ መመረት የጀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ባህላዊ አምራቾች ዛሬም ጠጠሩ እስኪገኝ ይቆፍራሉ፤ ከዚያም ጠጠሩን በገበቴ ከውኃ ጋር እያዞሩ ያጥባሉ። ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይፈስሳል፤ ጥቁሩ ከባድ አሸዋ ይቀራል፤ በመጨረሻም በገበቴው ጠርዝ ላይ የወርቅ ብናኝ ብልጭ ይላል።

የደለሉ ወርቅ ምንጭ የት ነው የሚለው ጥያቄ ጂኦሎጂስቶችን ወደ ዓለቱ መራቸው። ለገደንቢ በ1990 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት እጅ ማምረት ጀመረ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ኩባንያ ተሸጠ።

ወርቅ አዘሉ ድንጋይ ለገጸ ምድር ሲቀርብ ከላይ መቆፈር ይረክሳል። ድንጋዩ ወደ ጥልቅ ሲገባ ግን ከላይ የሚነሣው ውዳቂ ድንጋይ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ዋሻ መብሳት ያዋጣል። ከመሬት በታች በሚሠራበት ማዕድን ድንጋዩ ይበሳል፤ ቀዳዳው ፈንጂ ይሞላና ይፈነዳል። ጭሱ በማራገቢያ ከወጣ በኋላ ጣሪያው በብረት ካስማና በሲሚንቶ ይደገፋል፤ ፍርስራሹም ተጭኖ ይወጣል። ውኃውን በፓምፕ ማውጣት፣ ንጹሕ አየር ማስገባትና ጣሪያውን መጠበቅ ለአንድ ቀን እንኳ የሚቋረጡ ሥራዎች አይደሉም። ጥልቀቱ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚጠልቀው የደቡብ አፍሪካ የምፖኔንግ ማዕድን ዓለቱ ራሱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል።

ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ይልማል። ከዚያም በ1887 (እ.ኤ.አ.) በግላስጎው በተገኘው ዘዴ መሠረት በሳይናይድ ውኃ ይዘፈዘፋል። ሳይናይዱ ወርቁን ያሟሟዋል፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ደግሞ ወርቁን ከውኃው ለቅሞ ይይዛል። ወርቁ ከከሰሉ ከተለየ በኋላ ቀልጦ፣ ብርና ሌሎች ብረቶች የተቀላቀሉበት ጡብ ሆኖ ይወጣል። የመጨረሻው ማጣሪያ ሌላ ሥራ ነው።

ከወርቁ ጀርባ የሚቀረው ዝቃጭ ግን ብዙ ነው። በውስጡ የሳይናይድ ቅሪት ሊኖር ይችላል፤ ከሰልፋይዱ ጋር የወጡ እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችም ይገኙበታል። ስለሆነም በግድብ ታጥሮ ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ መራቅ አለበት። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የለገደንቢ ፈቃድ ሲታደስ የአካባቢው ነዋሪዎች በሰውና በከብት ጤና ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ተቃውሞ አነሡ። መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ማዕድኑ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ወርቅ አንዴ ከወጣ አይተካም፤ ዝቃጩ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የውኃና የአፈር ምርመራ ውጤት በየጊዜው ለነዋሪው በግልጽ ሊነገር፣ ማዕድኑ ሲዘጋ መሬቱን መልሶ የማልማት ገንዘብም ከወዲሁ ሊቀመጥ ይገባል። የአዶላ ሰው የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ሳይሆን አገር ከወርቁ አተረፈች ማለት አይቻልም።