የከተማን አየር በብዙ አነስተኛ መለኪያ ስለ መመርመር

እንጨትና ከሰል፤ ቤንዚንና ናፍጣ በተቃጠለ ጊዜ ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይወጣል። ቀለምና ሽታ የሌለው ስለ ሆነ በዓይን ታይቶ አይታወቅም፤ ነገር ግን የምድርን ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳይወጣ እያገደ ያስቀራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓመት ቻርልስ ኪሊንግ የተባሉት የአሜሪካ ሊቅ በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲዠምሩ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 315 ያህሉ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከ420 በላይ ሆኗል።

በተራራ ላይ የቆመ መለኪያ የዓለሙን ድምር እንጂ አንድ ከተማ ምን ያህል እንዳወጣ አይናገርም። የከተማ ሹማምንት የሚያውቁት የተሸጠውን ነዳጅ ቈጥረው በወረቀት ላይ በሚያሰሉት ሒሳብ ነው። ይህም ሒሳብ በአየሩ በራሱ ካልተመረመረ በቀር፤ የወጣው ደንብ ጢሱን መቀነሱንና አለመቀነሱን በርግጥ ለማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሮናልድ ኮኸን በ2012 ዓመት ዐዲስ ሥራ ዠመሩ። ዋጋው የከበደውን መሣሪያ በአንድ ስፍራ ብቻ ከማቆም ይልቅ፤ ዋጋው የቀለለውን በየሁለት ኪሎሜትር ያህል በትምህርት ቤትና በሌላም ሕንጻ ጣራ ላይ አኖሩ። ነገሩ ዝናብን እንደ መለካት ነው፤ በዋና ከተማ ያለው መለኪያ ምንም ያህል የተጣራ ቢሆን በሩቅ ወረዳ የዘነበውን አይነግርም።

መሣሪያው በውስጡ ዓይን የማያየው የሙቀት ብርሃን ይተላለፍበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚህ ብርሃን ከፊሉን ስለሚውጥ፤ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ባነሰ ቍጥር አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ርካሹ መሣሪያ በሙቀት፤ በእርጥበትና በአየር ግፊት ይሳሳታል፤ ጊዜውም በረዘመ መጠን ቀስ በቀስ ከእውነተኛው ቍጥር ይርቃል። ስለዚህ ከተጣራው መሣሪያ ጋራ እየተመዛዘነ ዘወትር መታረም አለበት። ሳይታረም የተጻፈ ቍጥር ካለመለካት ይከፋል፤ የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ቍጥር የያዘ ግን አይጠይቅምና።

ሁለተኛው ችግር ለእርሻ ሰው እንግዳ አይደለም። ተክል ቀን በፀሐይ ይህን አየር ይስባል፤ ሌሊት ግን ተክሉም አፈሩም ወደ ውጭ ይተነፍሱታል። ደግሞም ሌሊት የቀዘቀዘው አየር በምድር ላይ ስለሚተኛ፤ የመኪናው ጢስ ሳይጨምር ቍጥሩ ከፍ ይላል። እንግዲህ የነፋሱን አቅጣጫና የሰዓቱን ጠባይ ሳይጨምሩ በቍጥሩ ብቻ መፍረድ አይገባም።

የሥራው ጥቅም በመጋቢት ወር 2020 በግልጽ ታየ። በኮሮና በሽታ ምክንያት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ በታዘዘ ጊዜ፤ መለኪያዎቹ በመዠመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከሰው ሥራ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳዩ። የቀነሰውም ይበልጡን ከመኪና የሚወጣው ነበረ፤ እርሱ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ወረደ።

ከ2018 እስከ 2022 በተሰበሰበው ልክ ደግሞ የዚያ አገር ጢስ በየዓመቱ 1.8 በመቶ ሲቀንስ ተገኘ፤ ከመኪና የሚወጣውም ብቻውን 2.6 በመቶ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪኖች መብዛታቸው ለዚህ እንደ ምክንያት ተቈጠረ። ነገር ግን የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2045 ሊደርስበት በሕግ ከወሰነው ዘንድ ለመድረስ፤ የየዓመቱ ቅነሳ የዚህ እጥፍ ያህል መሆን እንዳለበት ታውቋል።