ሕይወቱን የጠላውን ሰው ከሞት ስለ መመለስ

ሰው የሚሞተው በደዌና በረኃብ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ከመቍረጥ የተነሣ ነፍሱን በገዛ እጁ የሚያጠፋም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ቈጠረው፥ በመላው ዓለም በያመቱ ከ700,000 የሚበልጥ ሰው በዚህ ዓይነት ይሞታል። በአገራችን ነገሩ በቤተ ሰብ ላይ ሲደርስ ከኀፍረት የተነሣ ይሸሸጋል። ነገር ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሏልና፥ በጅማና በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በሰርቦ ያላችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች ዐውቃችሁ ሌላውን እንድታስተምሩ ይህ ተጽፏል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ብርቱ የሐዘን ደዌ፥ መጠጥ፥ የቤት ጠብ፥ የማይለቅ ሕመም፥ ዕዳም ይገኙበታል። የቡና አገር ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወራት ነው፤ በክረምት ያለፈው ገንዘብ ያልቅና ብድር ይዠመራል፤ ዋጋው የወደቀ እንደ ሆነም ዕዳው ለሚመጣው ዓመት ይተርፋል። ዳሩ ግን ዕዳ ያለበት ሁሉ ሞትን አይመኝም፤ አደጋው የሚከብደው ችግሩ ከአእምሮ ደዌና ከብቸኝነት ጋራ በተገናኘ ጊዜ ነው። ደዌው እንደ ሌላው ደዌ ሁሉ የሚታከም ስለ ሆነ፥ የታመመውን ሰው ሰነፍ ወይም እምነት የጐደለው ብሎ መንቀፍ ስሕተት ነው።

በመንግሥት በኩል የተደረገው ይህ ነው። ለረዥም ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበረ፤ የጅማም በሽተኛ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ዛሬ ግን በጅማ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ የእርሻ ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ያቆሙት የጅማ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያዎችን ያስተምራል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተዠመረ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት ደግሞ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲገኝ አቀደ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ዠምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 542 ሌላው ሰው ራሱን እንዲገድል የገፋፋውን ወይም የረዳውን ይቀጣል እንጂ፥ ሞክሮ የተረፈውን አይቀጣም። የተረፈው ሰው ሐኪም እንጂ ዳኛ አያስፈልገውም።

ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ብርቱው የጭንቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልፍ መሆኑ ነው። በዚያች ሰዓት የሚጐዳው ነገር ከእጁ የራቀለት ሰው ይተርፋል፤ ከተረፉትም የሚበዙት በኋላ በዚህ ሞት አይሞቱም። የስሪላንካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1995 ዠምሮ እጅግ ብርቱ የሆኑትን የተባይ መርዞች እያከታተለ ቢከለክል፥ በ20 ዓመት ውስጥ የዚህ ሞት መጠን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ስለዚህ የተባይ መድኃኒት ያለው ገበሬ ከመኖሪያው አርቆ በሣጥን ይቈልፈው፤ ቍልፉንም የታመነ ሰው ይያዘው።

የመምህርና የሽማግሌ ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው። «ሞት ይሻለኛል» የሚለውን፥ ከሰው የሚሸሸውን፥ ያለ ምክንያት ንብረቱን የሚያድለውንና የሚሰናበተውን ሰው ቸል አትበሉት። «ብንጠይቀው ሐሳቡን እናስገባበታለን» የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። በርኅራኄ «ለመሞት ታስባለህን?» ብሎ በግልጥ መጠየቅ ሸክሙን ያቀልለታል። አዎን ያለ እንደ ሆነ ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ። ለሐኪምና ለቅርብ ዘመድ ከመንገር በቀር ነገሩን በገበያ አታውሩት። መምህር በፈተና የወደቀውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አያዋርደው። በኦሮምኛ ጃርሳ የሚባሉት ሽማግሌዎች ባለገንዘቡንና ባለዕዳውን አስማምተው ጊዜ ቢያሰጡት፥ ዕርቁ ነፍስ ማዳን ሊሆን ይችላል። ሞት የደረሰበትንም ቤት ዕድርተኛውና ጎረቤቱ አያግልሉት፤ ስለ አሟሟቱም በልጆች ፊት አይዘርዝሩ።

ከ1995 ዓ.ም. ዠምሮ ጳጉሜን 5 ቀን ይህን ሞት ለመከላከል በዓለም ሁሉ የሚታሰብበት ቀን ሆኗል። ቀኑ በክረምቱ ፍጻሜ፥ አዲሱ ቡና ገና ሳይደርስ፥ የገበሬው እጅ ባጠረበት ጊዜ ይውላል። በዚያ ሰሞን ቡና ሲፈላ ከጎረቤት መካከል የቀረ ሰው እንዳለ ተመልከቱ፤ ልጅ ልካችሁ ከማስጠራት ይልቅ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት።