ከኮሪያ ሆስፒታል ጀርባ

አዲስ አበባ፣ ገርጂ ያለው ትልቁ ሆስፒታል በሕጋዊ ስሙ ሚዩንግሰንግ ክርስቲያን ሜዲካል ሴንተር ይባላል። ይህን ስም ለታክሲ ረዳት ቢነግሩት ግር ይለዋል፤ “ኮሪያ ሆስፒታል” ካሉት ግን ነገሩ አለቀ። እናቷን ልታሳክም ከደሴ የምትመጣ ሴት ስልኳ ላይ የምትጽፈውም ይኼኛውን ነው፤ ምናልባት “ኮርያ” ብላ፣ ምናልባትም በላቲን ፊደል። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጹ ላይ ሕጋዊውን ስም ብቻ ጽፎ ከሆነ፣ ያቺ ሴት በቀላሉ አታገኘውም። ጥቂት እርምጃ ላይ ቆሞ ለእሷ የለም ማለት ነው።

ይህን ክፍተት መሙላት ክፍያ ያለው ሥራ ነው። በሙሉ ስሙ ሰርች ኢንጂን ኦፕቲማይዜሽን፣ በአጭሩ ኤስኢኦ ይሉታል፤ ሰው ጎግልን ወይም ሌላ የመፈለጊያ ሞተርን ሲጠይቅ የሚጠቅመው ገጽ ከፊት እንዲመጣለት ማዘጋጀት ነው። ከማስታወቂያ ይለያል። ማስታወቂያ ክፍያው ሲቆም ይጠፋል፤ ኤስኢኦ ለጎግል አንድ ብር አይከፈልበትም፣ ይልቅስ ጊዜና ጭንቅላት ይበላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎግልቦት የሚባል ፕሮግራም ከገጽ ወደ ገጽ በሊንክ እየተሻገረ ያገኘውን ያነባል፤ ጎግልም የተነበበውን በግዙፍ ማውጫ ያስገባል፤ ሰው ሲጠይቅ ማውጫውን ገልጦ ይመጥናሉ ያላቸውን በተርታ ያሰልፋል። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው፤ ሰርች ኮንሶል ወደተባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ገብቶ የትኛው ገጽ እንደተመዘገበ፣ የትኛው እንደቀረና ለምን እንደቀረ ይመረምራል። ለምሳሌ ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በሙከራ ጊዜ “አትመዝግቡኝ” የሚል ትእዛዝ አስገብቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ማንሳቱን ይረሳዋል። አንድ መስመር ኮድ ናት፤ አንድ ሆቴል ከነክፍሎቹ ከፍለጋ ትሰውራለች።

አሰላለፉን ምን ይወስነዋል? ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ያመጡት ሐሳብ ሊንክን እንደ ምስክርነት መቁጠር ነበር። ብዙዎች የጠቆሙት ገጽ ይከበራል፤ ጠቋሚው ራሱ የተከበረ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ይመዝናል። በ1998 እ.ኤ.አ. ጎግልን ያቋቋሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ምስክርነት ዋጋ ባገኘበት አገር ሁሉ የሐሰት ምስክር ይበቅላልና ሊንክ መሸጥና መግዛትም ለመጀመር ብዙ አልቆየም። በፌብሩዋሪ 2011 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የመደብር ኩባንያ በቀሚስ፣ በአልጋ ልብስና በምንጣፍ ፍለጋ ሁሉ ለወራት አንደኛ ሆኖ የቆየበትን ምሥጢር አወጣ፤ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ወደ እሱ ይጠቁሙ ነበር። ጎግል ቀጣው፤ ከአንደኛነት ወደ 60ዎቹና 70ዎቹ የወረደባቸው ቃላት ነበሩ። ኩባንያው አላውቅም ብሎ የኤስኢኦ ድርጅቱን አሰናበተ። በዚያው ወር ጎግል ርካሽ ጽሑፍ የሚያመርቱ ገጾችን የሚጥለውን “ፓንዳ” የተባለ የአሰላለፍ ማሻሻያ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ የተገዛ ሊንክን የሚያድነው “ፔንግዊን” ተከተለ። ዛሬም “አንድ ሺህ ሊንክ በዚህን ያህል ብር” የሚል ነጋዴ አይጠፋም። የሚገዛውም አይጠፋም።

ገርጂ ላይ ግን ለአብዛኛው ንግድ ቁም ነገሩ ሊንክ አይደለም፤ ካርታው ነው። እዚህ ሰፈር አድራሻ የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። “ከመብራት ኃይል ገባ ብሎ”፣ “ከጊዮርጊስ ከፍ ብሎ”፣ “ኢምፔሪያል ሳትደርስ”፣ “ወደ ጃክሮስ ስትሄድ በቀኝ በኩል” ይባላል። ጎግል በበኩሉ በአካባቢ ፍለጋ ሦስት ነገር እንደሚያይ ራሱ ይናገራል፤ ንግዱ ከተጠየቀው ነገር ጋር መመሳሰሉን፣ ከጠያቂው ያለውን ርቀትና ዝናውን። ርቀቱን ማንም አይለውጠውም። የቀሩት ሁለቱ በአብዛኛው የሚሠሩት ቢዝነስ ፕሮፋይል በተባለው የጎግል ነጻ ገጽ ነው፤ ትክክለኛ የሥራ ዘርፍ፣ የሚሠራ ስልክ፣ የራስ ፎቶ፣ የደንበኛ አስተያየትና ለአስተያየቱ የተሰጠ መልስ። ከሰው አፍ የሚወጣው “ከኮሪያ ሆስፒታል ጀርባ” የሚለው አነጋገርም መግለጫው ውስጥ ይገባል። ባለሙያው የሚከፈለው አንዱ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ለእኛ የተቀመጠ ወጥመድ አለ። ዳቦ ቤቱ ጠዋት 2፡00 ተከፍቶ ማታ 2፡00 ይዘጋል። ባለቤቱ በቅን ልቦና እንዳለ ይሞላዋል። ጎግል የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነውና፣ ካርታው ላይ ዳቦ ቤቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚዘጋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ “ዝግ ነው” ተብሎ የተመለሰ ደንበኛ ደውሎ አይጠይቅም፤ ቀጥሎ ያለውን ዳቦ ቤት ይነካል። ይህን ያረመ ጀማሪ ከማንኛውም ኮርስ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ።

ማረጋገጫውም እንዲሁ ችግር ነበር። ጎግል አንድ ንግድ በእርግጥ እዚያ ቦታ መኖሩን የሚያጣራው በፖስታ ካርድ ኮድ እየላከ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ ደብዳቤ የሚመጣው ለፖስታ ሣጥን እንጂ ለሱቁ በር አይደለም። አሁን በቪዲዮ ማረጋገጥ ይቻላል፤ መንገዱን፣ ሰሌዳውንና የውስጡን ዕቃ አከታትሎ ቀርጾ፣ ቦታው የእርስዎ መሆኑን ማሳየት በቂ ነው። ሰሌዳ የሌለው ሱቅ ግን እዚህም ይቸገራል።

ቀጥሎ የፊደል ጉዳይ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣ ነበር። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። መልካም ነው። ግን “ሀ”፣ “ሐ” እና “ኀ” ለጆሯችን አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሆኑ። አንዱ “ሕክምና”፣ ሌላው “ህክምና” ይጽፋል፤ “ሥራ” እና “ስራ”፣ “ፀጉር” እና “ጸጉር” እንዲሁ። የባዕድ ቃል ሲጨመርበት ይብሳል። የኮንዶሚኒየም የሙከራ ግንባታ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ቤቱን እንዴት እንደምንጽፈው አልተስማማንም። ኮንዶሚኒየም፣ ኮንዶሚንየም፣ ኮንደሚኒየም፣ ኮንዶ። የሰፈሩ ስም ራሱ በላቲን ሲጻፍ ሁለት ዓይነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ አንቀጽ ደርድሮ መጻፍ አንባቢን ያስጠላል፤ ጎግልም ቃል ማጨቅ ብሎ ይጠላዋል። የሚሻለው ገጹን በአንድ ትክክለኛ አጻጻፍ መጻፍና ልዩነቶቹ በተፈጥሯቸው የሚመጡበትን ቦታ መፍጠር ነው፤ የደንበኞች ጥያቄና መልስ፣ የፎቶ መግለጫ፣ ሰዎች በገዛ አጻጻፋቸው የሚተዉት አስተያየት። ዓመተ ምሕረቱንም መጠንቀቅ ያሻል። “የ2018 ምዝገባ” ብቻ የሚል ርዕስ ለእኛ የዘንድሮ ሊሆን ይችላል፣ ለማሽኑ ግን ያረጀ ሊመስል ይችላል። “ዓ.ም.” ብትከተለው ትረዳለች።

በእንግሊዝኛ የሚሠራ ባለሙያ ሰው በወር ስንት ጊዜ የትኛውን ቃል እንደሚፈልግ የሚነግሩት መሣሪያዎች አሉት። ለአማርኛ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት ወደ እንግዳ መቀበያው መሄድ ይሻላል። ስልክ የምታነሳዋን ልጅ “ሰዎች ሲደውሉ መጀመሪያ ምን ይላሉ?” ብሎ መጠየቅ፣ የምትለውን ቃል በቃል መጻፍ። የጥርስ ክሊኒኩ ሐኪም “የሥር ቦይ ሕክምና” ይላል፤ ደዋዩ “የጥርስ ነርቭ ማስወጣት ስንት ነው?” ይላል። ገጹ መመለስ ያለበት የደዋዩን ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙው የገርጂ ነጋዴ ድረ ገጽ የለውም፤ ቴሌግራም ቻናል ነው ያለው። ዕቃው፣ ዋጋው፣ ስልኩ እዚያ ይለጠፋል፣ ብዙ ጊዜም ጽሑፉ ፎቶ ላይ ነው። ለወዳጅ ደንበኛ በቂ ነው። ቻናሉን የማያውቅ አዲስ ሰው ግን በጎግል በኩል በቅጡ አይደርስበትም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው በነበሩበት ጊዜ፣ ቪፒኤን ካልተጠቀመ በቀር ደንበኛ ከእነዚያ ቻናሎች ተቆርጦ ነበር። የራሱ ገጽ ያለው ነጋዴ በዚያ ወቅት በፍለጋ መገኘቱን አላቆመም። ድረ ገጽ መሸጥ የሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አያገኝም።

ወደ ሙያው የሚገባው እንዴት ነው? ገርጂ ላይ ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በ1983 ዓ.ም. የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፍቶ እዚህ የደረሰ ነው። የማኔጅመንትም የኮምፒውተርም ትምህርቱ ይረዳል፤ የኤስኢኦ ዲግሪ የሚባል ነገር ግን የለም። የሚጠይቅዎትም የለም። አሠሪ የሚጠይቀው ከሰርች ኮንሶል የወጣ ግራፍ ነው፤ ይህ ገጽ ከስድስት ወር በፊት እዚህ ነበር፣ አሁን እዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የራስን ወይም የዘመድን ገጽ መሥራት ነው፤ የአክስት ፀጉር ቤትም ይሆናል። የጎግል የራሱ መመሪያ ነጻ ነው። ስክሪሚንግ ፍሮግ የተባለው ድረ ገጽ መመርመሪያ እስከ 500 ገጽ ድረስ በነጻ ይሠራል፤ የሰፈራችን ሆቴሎች ድረ ገጽ አብዛኛው ሃምሳም አይሞላም።

ገንዘቡ ያለው የት ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አገር ውስጥ ለፍለጋ ሲሉ የሚከፍሉት ደንበኛቸው ከሩቅ የሚመጣባቸው ናቸው፤ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ሆቴሎች፣ ቡና ላኪዎች፣ ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ቦሌ አካባቢ አፓርታማ ለሚፈልግ ዲያስፖራ የሚሸጡ ሪል እስቴቶች። የተቀረው የተሻለ ክፍያ ውጭ ነው፣ በፍሪላንስ፣ በዶላር። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር ለሚከፈለው ልጅ ሰርግና ምላሽ ሆነ። አህሬፍስና ሴምራሽ የመሳሰሉት የቃል ፍለጋ መሣሪያዎች ግን ክፍያቸው በዶላር ነው፤ በብር ለሚከፈለው ዋጋቸው በዚያው ልክ አሻቀበ። የእኔ ግምት፣ ለውጭ ብቻ የሚሠራ ሰው የተሻለ ያገኛል፤ ግን ከማኒላ እስከ ናይሮቢ ካለው ሁሉ ጋር እኩል ይጋፋል። የገርጂን አነጋገር የሚያውቀው ደግሞ ተፎካካሪው ጥቂት፣ ከፋዩም ጥቂት ነው። ቤት ኪራዩን በአንዱ እየከፈሉ ስምን በሌላው መገንባት ያዋጣል።

ከደንበኛ ጋር ሲዋዋሉ ሁለት ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም፤ ጎግል ራሱ እንዲህ የሚል ባለሙያን ተጠንቀቁ ይላል። ጊዜውም ረጅም ነው፤ ጎግል ባወጣው ምክር ለውጥ ለማየት ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። በየሳምንቱ ደውሎ “ዛሬ ስንተኛ ነን?” ለሚል ባለሆቴል ይህን በጽሑፍ መስጠት ይበጃል። በዚያ ላይ ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጎግል ከአሜሪካ ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከሊንኮቹ በላይ ማሳየት ይዟል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል፤ ድረ ገጹን አይጎበኝም። “ቡና እንዴት ይቆላል” ዓይነት ጽሑፍ እያመረተ የሚኖር ሰው ሥጋት አለበት። ክፍል ለመያዝ፣ ቀጠሮ ለማስያዝ፣ መኪና ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ግን መልስ አንብቦ አይበቃውም፤ ስልክ ቁጥሩን ይፈልጋል። ሪፖርቱም ከጎብኚ ብዛት ይልቅ የተደወለውን ስልክ ቢቆጥር የሚሻለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የይዞታ ጉዳይ አለ። የብዙ ሱቅን የካርታ ፕሮፋይል የከፈተው ልጅ በገዛ ኢሜይሉ ከፍቶት ሄዷል፤ ስልኩ ተቀይሯል፣ የሚያርመው የለም፣ ደንበኛ አሁንም በድሮው ቁጥር ይደውላል። ፕሮፋይሉም፣ ሰርች ኮንሶሉም፣ የድረ ገጹ ስም ምዝገባም በባለቤቱ ኢሜይል ይከፈት። ባለሙያው በማኔጀርነት ይጨመር። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ ያስወጣው።