ሃምሳ አንደኛው ተማሪ

የሀገራችን የትምህርት መለኪያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ከ50፣ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ደግሞ ከ40 ተማሪ እንዳይበልጥ ይላል። በደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማም ይሁን የአምባሰሏ ውጫሌ፣ ርእሰ መምህር ሆኖ ይህን ቁጥር የማያውቅ የለም። መስከረም ላይ ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ ግን «ሞልቷል» ተብሎ አይመለስም፤ ሊመለስም አይገባም። ሃምሳ አንደኛው ይመዘገባል፣ ሌሎችም ይከተላሉ። ወሰኑ ሲታለፍ ክፍሉ ውስጥ የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ብቻ ነው፤ መምህሯ ያችው አንዷ ናት።

የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ50 ልጆች ቢታደል ለአንዱ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። ለ70 ሲሆን ወደ 34 ሰከንድ ይወርዳል፤ ያውም መምህሯ ስም ሳትጠራ፣ ሰሌዳ ሳታጠፋ፣ አዲስ ትምህርት ሳታስረዳ። ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ አራተኛው ሲታከል ዳር ያለው በግማሽ ጎኑ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ክንዱ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር ስለሚጋጭ ፊደሉ ይንጋደዳል። በረድፎቹ መካከል ማለፍ ስለሚያስቸግር የፊተኞቹ ደብተር ይታረማል፣ የኋለኞቹ ከሰሌዳ ገልብጠው ይወጣሉ። ገልብጦ የሞላው ደብተር ቤት ሲደርስ ልጁ ማንበብ የቻለ ያስመስለዋል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ግን ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

መጨናነቁን ያመጣው በጎ ሥራ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ የአንደኛ ደረጃ ቅበላ ከሲሶ በታች ነበር፤ በዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሚሊዮኖች ትምህርት ቤት ገቡ። ግንባታው እኩል ሊራመድ ስላልቻለ በፈረቃ ማስተማር ግድ ሆነ። ደቡብ ወሎ ላይ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት የነበሩትን ክፍሎችም ጎዳ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የተማሪ መምህር ጥምርታ እና የተማሪ ክፍል ጥምርታ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በተለይ በሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው ከሁለተኛው በጣም ያንሳል፤ መምህራን ክፍለ ጊዜ ተከፋፍለው ስለሚያስተምሩ፣ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ መምህር ይበዛል። ግድግዳ ሳይገነባ ሊሠራ የሚችለውን ነገር የሚያሳየውም ይህ ልዩነት ነው፦ በአንድ ክፍል ሁለት መምህር።

ሁለት መምህር ሲባል አንዱ ሲያስተምር ሌላው በር ላይ ቆሞ ዝም የሚያሰኝ ማለት አይደለም። ይህን በፕላዝማው ዘመን አይተነዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ትምህርቱን የቴሌቪዥኑ መምህር ሲሰጥ፣ የክፍሉ መምህር መክፈቻና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረው ነበር። ተማሪው ያልገባውን ፕላዝማውን መጠየቅ አይችልም፤ መጠየቅ የሚችለው መምህር ደግሞ ጊዜ የለውም። በአሜሪካዋ ቴነሲ ከ1977 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ለአራት ዓመት የተካሄደው ትልቅ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፦ ከ13 እስከ 17 ልጅ የያዙ ክፍሎች በግልጽ ሲሻሉ፣ መደበኛ ክፍል ላይ ረዳት ብቻ መጨመሩ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። በምዕራብ ኬንያ ደግሞ 121 ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ መምህር ቀጥረው አንደኛ ክፍልን ለሁለት ሲከፍሉ፣ ልጆቹን በችሎታቸው የመደቡት ትምህርት ቤቶች በዕጣ ከከፈሉት የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ደካሞቹም ጎበዞቹም ተጠቀሙ።

ለሐይቅ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል አድርገውታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ከእሳቸው ተምረዋል። ቤተ ክህነት ባቆየችው የቆሎ ትምህርት ቤት ወግ የኔታ ብቻቸውን ሁሉንም አያስቆጥሩም። ዳዊት የደረሰው ልጅ ስንደዶ ይዞ ፊደል ገበታው ላይ እያመለከተ ታናሹን «በል» ይለዋል፤ አቡጊዳ ላይ ያለው ሌላ ጥግ፣ መልእክተ ዮሐንስ የጀመረው ሌላ ጥግ ይቀመጣል። ማንም ልጅ የራሱን ገጽ ሳይል አይውልም። አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ይህን ሊመስል ይችል ነበር፤ ስብሰባና ሪፖርት ሲበዛበት ግን ንባቡ ተረሳ።

ወሰንንና ተጨማሪ መምህርን በአንድ ሕግ ያሰረ ጥንታዊ ድንጋጌም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከመነሣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ የአባቶቹን ሕግ ሲያጠናቅር፣ ለአንድ መምህር እስከ 25 ልጅ፣ ከዚያ እስከ 40 ረዳት ይጨመር፣ ከ40 ካለፈ ሁለት መምህራን ይሁኑ ብሏል። እኛ ያለን 50 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው፤ «ካለፈስ?» ለሚለው ክፍሉ ውስጥ የሚታይ መልስ የለውም።

ሁሉን በአንዴ ማድረግ አይቻልም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል፣ ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሁለተኛ መምህር ገብቶ ፊደል ያልለዩትን ለብቻ ቢያስነብብ ግን የሚጠይቀው የክፍለ ጊዜ ድልድል ማስተካከል ነው። በዚህ ዓመት ወላጅ መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የልጄ ክፍል ስንት ተማሪ አለው? ከሃምሳ ካለፈስ ማን ተጨማሪ ሆኖ ይገባል?