ሕፃንን በቤት ስለ ማስታመም

በንፋስ መውጫ የሚኖር ሰው የከተማይቱን ስም ትርጓሜ አይጠይቅም፤ ከጉና በኩል የሚወርደው ብርድ ራሱ ይነግረዋል። በክረምት ማታ በሩ ተዘግቶ፥ እሳቱ በመካከል ነዶ፥ ጢሱ ቤቱን በሞላው ጊዜ ሕፃን ቢያስል «ብርድ መታው» ይባልና ዳማከሴ ይታሽለታል። እኛም በቤታችን እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል።

አንድ ሌሊት ግን የስምንት ወር ልጃችን ከሳሉ ጋራ ትንፋሹ ፈጠነ። ጡት ይይዝና ወዲያው ይተወዋል። አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፤ አስቈርጡለት» አሉ። እኛም ቈራጩን ልንፈልግ ተነሥተን ነበር። ደግነቱ እናቱ እንቢ ብላ ጎሕ ሲቀድ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስጠራች። ልጂቱ መጥታ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ጸጥ እስኪል ታገሠች፤ ልብሱንም ገልጣ ሰዓቷን አወጣችና «መምህር፥ እርስዎም አብረውኝ ይቍጠሩ» አለችን። አንድ ደቂቃ ሳይጐድል 58 ሞላ። ቍጥር ስናስተምር የኖርን ሰዎች የልጃችንን ትንፋሽ አንድ ቀን ስንኳ ቈጥረን አናውቅም ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ልኩ ይህ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60፥ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50፥ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ የሳንባ ምች ያሠጋልና ሳይውል ሳያድር ይታይ። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጐድ፥ መጥባት የተሳነው፥ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የፈዘዘ እንደ ሆነ ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። እንጥል መቍረጥ ደም ያፈስሳል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል እንጂ ለሳንባ አንዳች አይረዳም።

ቤት ለቤት የሚዞር አስታማሚ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ በየገጠሩ ቀበሌ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶችን እንዲያኖር ታሰበ፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም የሳንባ ምችን በመድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆኗል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የእነዚህ ልጆች እግርም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት ሁልጊዜ አይገኝም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫን ባገኛት ጊዜ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ነበር። በዚያን ጊዜ ለታመመ ሕፃን የቀረለት የእናቱ ዐይን ብቻ ነው።

ለልጃችን የታዘዘውን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም ሳናቋርጥ ጨረስን። እናቱ ጡቱን ጥቂት በጥቂት ደጋግማ ትሰጠው ነበር፤ ምድጃውንም ከመኝታው አራቅነው። አያቱ ሰዓት ማንበብ አያውቁም። አሁን የጎረቤት ሕፃን ሲያስል በሰሙ ቍጥር ታላቂቱን ልጃችንን «ነዪ፥ ያን ሰዓት ይዘሽ ተከተዪኝ» ብለው ይወጣሉ።