በክረምት ወደ ባሌ ተራሮች፦ መሪውን ራሳችሁ ስትይዙ

የኦስሎ ትምህርት ቤቶች ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ይዘጋሉ። እዚህ ቀኑ ሲረዝም ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት ይገባል። ልብ በሉ፤ ክረምት በኢትዮጵያ የበረዶ ሳይሆን የዝናብ ወቅት ነው። ስለዚህ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ፣ መኪና ተከራይቶ የዱር እንስሳት ማየት ያማረው ቤተሰብ የሚጠብቀው ጭቃና ጉም ነው። ጉዞው አይቀርም፤ አነዳዱ ግን ይለወጣል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። እዚያ አንድ ሌሊት ማደር ጥሩ ነው፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል። ከዚያ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። ከአምባው በላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ስሙ በኦሮምኛ “ቀይ ተራራ” ማለት ነው።

ብዙ አከራዮች መኪና የሚሰጡት ከነሾፌሩ ነው። ራሳችሁ ለመንዳት ካሰባችሁ ይህንንም የመንጃ ፈቃዳችሁንም ጉዳይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኖርዌይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የጉዞ ምክርም አንብቡ።

በኖርዌይ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መለማመድ ግዴታ ነው። ያ ትምህርት ባሌም ላይ ይጠቅማል። በጭቃ ላይ ፍሬን በድንገት አይረገጥም፤ መሪም በድንገት አይጠመዘዝም። መንገዱን የሞላ ጎርፍ ካጋጠማችሁ አትግቡ፤ ጥልቀቱ ከላይ አይታይም። ቆማችሁ ጠብቁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ውኃው ይጎድላል። ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በማለዳ ተነሡ።

ቀስ ብሎ መንዳት ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም፤ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። በጉም መሐል የሚበር መኪና አንዱን ቢገጭ ጉዳቱ ትልቅ ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ጉድጓዱን የሚቆፍረው በሣሩ ሥር ነው። መኪና ከመንገድ ወጥቶ በረጠበው ሣር ላይ ቢሄድ ጉድጓዱን ይደረምሳል። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁም ቢሆን ከመንገዱ አትውጡ። መኪናውን አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ።

ከጎባ ስትነሡ ደግሞ ከላይ የሚወርድ ሾፌር ካገኛችሁ “ጋሼ፣ መንገዱ ያስኬዳል?” ብላችሁ ጠይቁት። “አያስኬድም” ካላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ነገን ጠብቁ።