ነፃ ቴሌቪዥን፣ የማስታወቂያ ገንዘብና የጋሞ ዞን ተመልካች

ዲሽ አንዴ ከተተከለ ወርሃዊ ክፍያ የለም ስለሚባል ብዙዎቻችን ቴሌቪዥንን በነፃ የምናይ ይመስለናል። ታዲያ ወጪውን የሚሸፍነው ማነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን አንፃር ለማየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስርጭቱ እንዴት እንደሚደርሰን እንመልከት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሞገዱ የሚለቀቀው መሬት ላይ ከቆመ ማማ ነበር። ይህ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ካገኘው ከተራራው ጀርባ ያለው ቤት አንቴናውን ቢያዞር ቢያዞር ጥርት ያለ ምስል አያገኝም። አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ጨንቻ ግን ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። እንዲህ ባለ አገር በየሸንተረሩ ማሰራጫ መትከልና መጠገን ቀላል ወጪ አይደለም።

ሳተላይት ግን ከላይ ስለሚያሰራጭ የጉጌ ተራራ አያግደውም። ችግሩ ወጪው ወደ ተመልካቹ መዞሩ ነው፤ ዲሹን፣ ሪሲቨሩንና የሠራተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩም በምዕራብ ሰማይ ላይ ያነጣጠረውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ ማዞር ግድ ሆኖ ነበር።

ወደ ማስታወቂያው እንምጣ። የግል ጣቢያ የሚሸጠው ፕሮግራም ሳይሆን ተመልካች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ብዙ ሰው ሲሰበስብ የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። የተሠራ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ከመሥራት ስለሚረክስ ለነጋዴው የሚያዋጣው ይሄው ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ዋነኛ ስፖንሰር የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከስክሪኑ ወጡ። እገዳውን በበኩሌ እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን በጥቂት ደንበኞች ላይ የቆመ ገቢ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ ያኔ ታይቷል።

ለእኛ አካባቢ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚፈልገው ገዢ ነው፤ ገዢው ደግሞ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ካምባ ያለ ገበሬ የቦሌ አፓርታማ ማስታወቂያ ያያል (መቼም አይገዛውም)። የላንቴ ሙዝ አምራች የሚፈልገውን የገበያ ዋጋ ወይም በጋሞኛ የሚነገር የዝናብ ማስጠንቀቂያ ግን ስፖንሰር የሚያደርግ ድርጅት ማግኘት ይከብዳል። ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን ጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ነበሩ። ስለ ተዳፋት መሬት አደጋ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ የሚያስረዳ ፕሮግራም የሳሙና ማስታወቂያ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም።

ኢንተርኔት ይተካዋል የሚሉ አሉ። ዩቲዩብ ግን ጥቅል ይበላል፣ ኔትወርኩም ከከተማ ሲወጡ ይሳሳል። ለደጋው ነዋሪ እስካሁን ርካሹ ሬዲዮ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ከመብራት ሂሳብ ጋር በወር 10 ብር የቴሌቪዥን ክፍያ መሰብሰብ ተጀምሯል። ስለዚህ ሕዝቡ በማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን በቀጥታም እየከፈለ ነው ማለት ነው። ከዚህ ገንዘብ የተወሰነው እጅ በአካባቢ ቋንቋ ለሚያሰራጩ የኤፍኤም ጣቢያዎች ቢመደብ ማስታወቂያ ያላየውን ክፍተት መሙላት ይቻላል እላለሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለማኅበረሰብ ብሮድካስት ቦታ ሰጥቷል፤ የቀረው የጋዜጠኛው ደመወዝና የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።